የወጣቶች የፍቅር ኮሜዲ በሙዚቃ መንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወጣቶች በአንድ ከተማ ባንዶች፣ የልምምድ ክፍሎችና ትንንሽ መድረኮች መካከል ሲፈላለጉ፣ ሲጋጩና ሲታረቁ የሚያሳዩ ፊልሞች ብዙ ወዳጆች አሏቸው። ከእነዚህ ወዳጆችና ፊልም ለመጻፍ ከሚያስቡ ደራስያን ዘንድ በተደጋጋሚ የሚነሱት ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ቀርበዋል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ የፊልም ዓይነት በምን ይታወቃል?

ሦስት መለያዎች አሉት፤ ታሪኩ ቀልድ አዘል የፍቅር ታሪክ ነው፣ ባለታሪኮቹ ከአፍላነት ወደ ሙሉ ሰውነት በሚሻገሩበት ዕድሜ ላይ ናቸው፣ ድርጊቱም የሚፈጸመው በአንድ ተለይቶ በሚታወቅ ከተማ የሙዚቃ መንደር ውስጥ ነው። የሙዚቃ መንደር የሚባለው እርስ በርስ የሚተዋወቁ ባንዶች፣ እነርሱን የሚያስተናግዱ ክበቦች፣ ሸክላና ሲዲ የሚሸጡ ሱቆች፣ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ጓደኞች፣ ድምፅ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎችና በየሳምንቱ ከመድረኩ ፊት የማይጠፉ ታዳሚዎች አንድ ላይ ሆነው የሚፈጥሩት ማኅበረሰብ ነው።

መለያዎቹ መሟላታቸው ብቻ ግን አይበቃም። በእኔ እምነት አንድ ፊልም በእውነት የዚህ ወገን መሆኑን ለማወቅ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሙዚቃው ከታሪኩ ቢወጣ ፍቅሩ እንዳለ ይቆማል ወይ? የሚቆም ከሆነ ሙዚቃው ጌጥ ብቻ ነበር፤ ባለታሪኩ ጊታሪስት ቢሆን ሐኪም ቢሆን ለውጥ የለውም። ሁለቱ የተገናኙበት ምክንያት፣ የተቀያየሙበት ነገርና የታረቁበት መንገድ ከሙዚቃው ኑሮ የተቀዳ ከሆነ ግን ፊልሙ ስሙን ይዟል። ከዚህ በኋላ ያሉት መልሶችም ከዚሁ መመዘኛ የሚነሱ ናቸው።

ከሙዚቃዊ ፊልምና ከዘፋኝ የሕይወት ታሪክ በምን ይለያል?

በሙዚቃዊ ፊልም ውስጥ ሰዎች መንገድ ላይ እየሄዱ በድንገት መዝፈን ይችላሉ፤ ኦርኬስትራው የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ግን የሚዘፈነው ዘፈን ሁሉ ምንጩ ይታወቃል፤ አንድ ሰው ጊታር ይዟል፣ ካሴት ከፍቷል፣ ወይም ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት ባንድ እየተለማመደ ነው። ዘፈኑ የሚጀመርበት ምክንያት ስላለው የሚቋረጥበትም ምክንያት አለው፤ የጊታሩ ክር ይበጠሳል፣ ማይክሮፎኑ ያፏጫል፣ የክበቡ ባለቤት ሰዓታችሁ አልቋል ይላል። ብዙው ቀልድ፣ ብዙው ፍቅርም የሚወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ መቋረጥ ነው። የሕይወት ታሪክ ፊልም በበኩሉ ወደ ዝና የሚወስደውን መንገድ ይከተላል፤ ይህኛው ዝናን ከሩቅ እያሳየ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይደርስበት፣ በጥቂት ሰዎች ፊት የመጫወትን ደስታና ጣጣ ይተርካል።

ፍቅረኞቹ የግድ ሙዚቀኞች መሆን አለባቸው?

የለባቸውም። ካሜሮን ክሮው ጽፎ ያዘጋጀው የ1992ቱ «ሲንግልስ» መቼቱን የሲያትልን የሮክ ሙዚቃ መንደር ቢያደርግም፣ ከአራቱ ዋና ዋና ባለታሪኮች መካከል ባንድ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ የሚያወጣ ሠራተኛ፣ ሦስተኛዋ በአካባቢ ጥበቃ የተሰማራች፣ አራተኛዋ ደግሞ ካፌ ውስጥ የምታስተናግድ ወጣት ናት። ሙዚቃው አራቱንም የሚያገናኛቸው የምሽት ኑሯቸው ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ከአንድ የሙዚቃ መንደር ጋር ያለው ግንኙነትም ይኸው ነው፤ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራል፣ ማታ ከመድረኩ ፊት ይቆማል።

አንዱ ተጫዋች ሌላው አድማጭ ሲሆን የሚከፈት ሌላ በር አለ። በ2008 የወጣው «ኒክ ኤንድ ኖራስ ኢንፊኒት ፕሌይሊስት» ውስጥ ኒክ ለቀድሞ ፍቅረኛው ዘፈን እየመረጠ ሲዲ ያዘጋጅላታል፤ እርሷ ትጥለዋለች፤ ኖራ የምትባል ሌላ ወጣት ደግሞ እያነሳች ታዳምጣለች። ስለዚህ ኖራ ኒክን ከማግኘቷ በፊት ምርጫውን አግኝታለች። ሰው በሚመርጣቸው ዘፈኖች ሊታወቅና ሊወደድ ይችላል የሚለው ሐሳብ ለዚህ ዓይነት ፊልም እጅግ የሚስማማ ነው። አድማጯን የዘፋኙ አድናቂ ብቻ ከማድረግ ይልቅ ጆሮ ያላት፣ የምትመዝንና የምትፈርድ ሰው ስለሚያደርጋት ሁለቱ በእኩልነት እንዲተያዩ መንገድ ይከፍታል።

ለምን ሁልጊዜ ወጣቶች ይሆናሉ?

ዕድሜው ምርጫ የሚጠይቅ ስለሆነ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ባንዱ ሥራው ይሁን ወይስ የትርፍ ጊዜው፣ ከተማው ውስጥ ይቅር ወይስ ይሂድ፣ ከጓደኞቹ ጋር ይኑር ወይስ ከፍቅረኛው ጋር የሚሉትን ጥያቄዎች በአንድ ወቅት ይጋፈጣል። ከዚህ ዕድሜ ያለፉ ባለታሪኮች ያሏቸው ፊልሞችም ያው ውሳኔ ዘግይቶ የመጣባቸውን ሰዎች የሚያሳዩ ናቸው።

ቀልዱ ከየት ይመነጫል?

የመጀመሪያው ምንጭ የመንደሩ ጥበት ነው። በአንድ ከተማ አንድ ዓይነት ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንዶች ጥቂት፣ መድረኮቹ ከዚያም ያነሱ፣ ጥሩ ድራመር ደግሞ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ሰው ከሰው ሲጣላ መራቅ አይችልም። የቀድሞዋ ፍቅረኛ ቤዝ የምትጫወትበት ባንድ በዚያው ምሽት በዚያው መድረክ ላይ ይወጣል፣ ማጉያውም የሚዋሰው ከእርሷ ነው። ሁለት የተኮራረፉ ሰዎች ያንን ከባድ ማጉያ በጠባብ ደረጃ ላይ ተጋግዘው ሲያወርዱ፣ አንዱ «ቀስ በል» ሲል ሌላው ላለመመለስ ከንፈሩን ሲነክስ፣ ደራሲው ተጨማሪ ቀልድ መፈለግ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምንጭ በሚወራውና ባለው መካከል ያለው ርቀት ነው። በ1985ቱ ደብሊን ውስጥ የሚካሄደው የ2016ቱ «ሲንግ ስትሪት» የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ኮነር የተባለው ተማሪ አንዲት ወጣት ለማግባባት ሲል ለባንዱ ቪዲዮ ተዋናይት እንደሚፈልግ ይነግራታል፤ እሺ ስትለው ግን ባንድ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ውሸቱን እውነት ለማድረግ የሚደረግ ሩጫ ነው። ይህ አነሳስ ትምህርት የሚሆን ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ፍቅሩንም፣ ባንዱንም፣ ቀልዱንም በአንድ ጊዜ አስጀምራለች፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማውጣትም አይቻልም።

ሦስተኛው የሙዚቀኛው በራሱ መጠመድ ነው። «ሲንግልስ» ውስጥ ካፌ የምትሠራው ጃኔት ከወንድ የምትጠብቃቸው ነገሮች እያነሱ መጥተው ስታነጥስ «ይማርሽ» የሚላትን ሰው እስከመፈለግ ትደርሳለች። ዘፋኙ ፍቅረኛዋ ግን ስታነጥስ የሚያሳስበው እርሱ ጉንፋን ይዞት በሳምንቱ መጨረሻ መጫወት እንዳያቅተው ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አሳንሰር ውስጥ ታነጥሳለች፣ እርሱም የምትጠብቀውን ቃል ይላታል። ያቺ ትንሽ ቃል ከረጅም የፍቅር ንግግር በላይ ሠርታለች፤ ተመልካቹ ይስቃል፣ ሰውየው መለወጡንም ያምናል።

ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው ነገር ምን ቢሆን ይሻላል?

ከሙዚቃው ሥራ የሚወጣ ነገር ቢሆን ይሻላል። የኮንሰርቱ ቀን ከልደቷ ቀን ጋር ተጋጨ የሚለው ደካማ ነው፤ ማንኛውም ሥራ ከልደት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ጠንካሮቹ ግጭቶች ሙዚቃ ብቻ የሚያመጣቸው ናቸው፤ ስለ እርሷ የተጻፈው ዘፈን ምሥጢሯን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያወጣ፣ አብረው የሠሩት ዜማ በአንዱ ስም ብቻ ሲወጣ፣ ባንዱ ለረጅም ጉዞ ሲጠራ አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲቀር፣ ወይም ከጊታሪስቱ ጋር መለያየት ከባንዱም መውጣት ማለት ሲሆን።

ቶም ሃንክስ ያዘጋጀው የ1996ቱ «ዛት ቲንግ ዩ ዱ!» በዚህ ረገድ የሚጠና ምሳሌ አለው። ታሪኩ በ1964 የሚካሄድ ሲሆን፣ ከፔንሲልቬንያ የመጣው ባንድ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሲጫወት በዘፋኙ ምስል ሥር የታጨ መሆኑን ለሴት ተመልካቾች የሚያሳስብ ጽሑፍ ይወጣል። ዘፋኙ በዚህ ይቆጣል፣ ቁጣውንም በፍቅረኛው በፌይ ላይ ያወርዳል። የለያያቸው የሐሜት ወሬ ወይም የተጠለፈ ደብዳቤ አይደለም፤ የዘፋኝ መልክ ለገበያ ሲቀርብ የግል ፍቅሩ እንደ ዕንቅፋት የሚታይ መሆኑ ነው። የሙዚቃውን ንግድ የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊጽፈው የሚችል ግጭት ነው።

ዘፈኑ በታሪኩ ውስጥ ምን ሥራ ሊሠራ ይገባል?

ገጸ ባሕርያቱ በንግግር ሊሉት የማይችሉትን ሊል ይገባል። የፍቅር ኮሜዲ የሚቆመው ሰዎች የልባቸውን ለመናገር ስለሚቸገሩ ነው፤ ይፈራሉ፣ ያፍራሉ፣ ወይም በቀልድ ይሸፋፍኑታል። ዘፈን ሲመጣ ያ ሽፋን ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ይነሳል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ሁለቱም ምንም እንዳልተባለ ሆነው ስለ ገመድና ስለ ማይክሮፎን ያወራሉ። እኔ ከዚህ ዓይነት ፊልም በጣም የምወደው ይህንን ከዘፈኑ በኋላ ያለውን ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ደራሲ ሊቆጥበው የሚገባ፣ በማብራሪያም ሊያበላሸው የማይገባ ጊዜ ነው።

የዚህ ምርጥ ማሳያ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው የጆን ካርኒ «ዋንስ» ነው። በእርግጥ ፊልሙ ከኮሜዲነቱ ይልቅ ወደ ድራማ ያዘነብላል፤ ስለ ዘፈን አጠቃቀም ግን ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ደብሊን ጎዳና ላይ የሚዘፍን ጊታሪስትና ከቼክ የመጣች ወጣት አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ይገባሉ። እርሷ ፒያኖ ስለሌላት ባለሱቁ ይፈቅድላትና ለሽያጭ በቀረበው ፒያኖ ትጫወታለች። እርሱ አዲስ ዘፈኑን ያስተዋውቃታል፣ ኮርዶቹን ይነግራታል፣ ይጀምራሉ። መጀመሪያ በጥንቃቄ ትከተለዋለች፣ ከዚያ በለሆሳስ ድምፅ ትጨምራለች፣ ቀጥሎ ሁለቱ ድምፆች ይገጥማሉ። በዚያ ትዕይንት ስለ ፍቅር የተባለ ነገር የለም፤ ተመልካቹ ግን የሁለቱ ልብ መገናኘቱን ያውቃል። ካሜራው የሚያሳየው አንዱ ሌላውን ሲያዳምጥ ነው፤ በመድረክ ላይ ባለ ትዕይንትም ቢሆን ከሚዘፍነው ሰው ፊት ይልቅ የሚያዳምጠው ሰው ፊት ብዙ ጊዜ የበለጠ ይናገራል።

ዘፈኑ ቀድሞ የታወቀ ቢሆን ይሻላል ወይስ አዲስ?

ሁለቱም ይሠራሉ፤ የሚጠይቁት ዋጋ ግን ይለያያል። የታወቀ ዘፈን ከተመልካቹ ትዝታ ጋር ይመጣል። ሆኖም ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከዜማና ግጥሙ ባለመብቶች፣ ሌላው ከተቀረጸው ድምፅ ባለመብት። ባንዱ ዘፈኑን ራሱ እንደ አዲስ ቢጫወተው ሁለተኛው ፈቃድ ይቀራል፣ የመጀመሪያው ግን አይቀርም። ይህንን ሳያጣሩ ቀረጻ የጀመሩ ሰዎች በአርትዖት ጊዜ ዋናውን ትዕይንት ለማውጣት ይገደዳሉ፤ ስለዚህ ስለ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ስክሪፕቱ ገና በረቂቅ ላይ ሳለ ነው።

አዲስ ዘፈን መብቱ ቢቀልም ከባድ ፈተና አለበት፦ ፊልሙ ጥሩ ነው ያለው ዘፈን በእውነት ጥሩ መሆን አለበት። «ዛት ቲንግ ዩ ዱ!» ታሪኩ በሙሉ የተመሠረተው በአንድ ተወዳጅ ዘፈን ላይ ስለሆነና ያው ዘፈን ደጋግሞ ስለሚሰማ፣ አዳም ሽሌሲንገር የጻፈው ዜማ ባይሳካ ኖሮ ፊልሙ አብሮት በወደቀ ነበር። ዘፈኑ በታሪኩ ውስጥ በእርጋታ የሚዘፈን ሆኖ ይጀምርና፣ በተሰጥኦ ውድድር ላይ አዲሱ ድራመር ፍጥነቱን ስለሚጨምር ሌሎቹ ተደናግጠው ይከተሉታል፣ አዳራሹም ይነሳል። አንድ ዘፈን እንዴት እንደሚወለድ በዚህ ግልጽነት የሚያሳዩ ትዕይንቶች ብዙ አይደሉም።

ተዋናዮቹ መጫወት ማወቅ አለባቸው?

ቢያንስ እጃቸው መዋሸት የለበትም። ድምፁ በኋላ ሊተካ ይችላል፤ አሁን በተጠቀሰው ፊልም ውስጥ እንኳ የዘፋኙ ድምፅ የማይክ ቫዮላ ሲሆን ተዋናዩ ከንፈሩን ያስማማል። የድራም ምት ከክንዱ እንቅስቃሴ ጋር ካልገጠመ ግን ማንም ተመልካች ያስተውለዋል፣ ሙዚቀኛ ተመልካች ደግሞ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አያይም። ኤድጋር ራይት በ2010 ለፊልም ያበቃው የቶሮንቶው የስኮት ፒልግሪም ታሪክ ተዋናዮቹ ራሳቸው እንዲለማመዱና እንዲዘፍኑ አድርጓል፤ የዋናውን ባንድ ዘፈኖች የጻፈው ሙዚቀኛው ቤክ ሲሆን፣ ልምድ የሌለው የወጣቶች ባንድ የሚኖረው ሻካራነት ሆነ ተብሎ አልተወገደም። በሌላ በኩል ሙዚቀኞችን ወደ ትወና ማምጣትም ይቻላል፤ የ«ዋንስ» ሁለት ባለታሪኮች ግሌን ሃንሳርድና ማርኬታ ኢርግሎቫ ሙዚቀኞች ናቸው፣ «ሲንግልስ» ውስጥም የሲያትሉ ባንድ የፐርል ጃም አባላት ከተዋናዩ ማት ዲሎን ጋር በአንድ ምናባዊ ባንድ ውስጥ ይታያሉ።

በክበብ ውስጥ ባለ ጩኸት መካከል ንግግር እንዴት ይቀረጻል?

ጩኸቱ በቀረጻው ጊዜ የለም። ፍቅረኞቹ ከመድረኩ አጠገብ ሲነጋገሩ ባንዱ ያለ ድምፅ የሚጫወት ያስመስላል፣ ከኋላ የሚጨፍሩት ሰዎችም በዝምታ ይጨፍራሉ፤ ሙዚቃው የሚገባው በኋላ ነው። ጭፈራው ምቱን እንዳይስት አንዳንድ ቡድኖች በግምት ከ40 ኸርዝ በታች የሆነ ዝቅተኛ የምት ድምፅ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ያሰማሉ፤ ጨፋሪው ምቱን በደረቱና በእግሩ ይሰማዋል፣ የሰው ድምፅ ከዚያ በላይ ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ ደግሞ ድምፅ ባለሙያው ምቱን ከቅጂው ላይ አጣርቶ ያወጣዋል። ተዋናዮቹ ዝም ባለ አዳራሽ ውስጥ ጩኸት እንዳለ አድርገው ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ አለባቸው፤ ይህ ከተረሳ ሙዚቃው ሲጨመር ሁለት ሰዎች በነጎድጓድ መካከል የሚያንሾካሹኩ ይመስላሉ።

መንደሩን ከውስጥ የማያውቅ ደራሲ መጻፍ ይችላል?

ይችላል፣ ጊዜውን ግን መስጠት አለበት። ጆን ካርኒ ከሃንሳርድ ጋር «ዘ ፍሬምስ» በተባለው ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር፤ ክሮውም ገና በአፍላ ዕድሜው ለሙዚቃ መጽሔት ይጽፍ ነበር። ይህ ዕድል ያልገጠመው ደራሲ ታዳሚው ከመምጣቱ በፊት ሄዶ ሳውንድ ቼክ የሚባለውን የድምፅ ሙከራ ይመልከት፣ ታዳሚው ከሄደ በኋላም ገመድ እስኪጠቀለል ይቆይ። ማን ለማን እንደሚታዘዝ፣ ዕቃ ሲሸከም የሚጠፋው ማን እንደሆነ፣ የበር ገቢ ሲከፋፈል ማን ዝም እንደሚል፣ ድራመሩ ከበሮውን ሲፈታ አጠገቡ ቆማ የምትጠብቀው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል የሚታየው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ታዳሚ ሆኖ ብቻ የሚያይ ሰው የሚጽፈው መድረኩን ነው፤ የፍቅር ታሪኩ ግን በአብዛኛው ከመድረኩ በስተጀርባና ከበሩ ውጭ ነው ያለው።

አንድ ታሪክ ከከተማ ወደ ከተማ መዛወር ይችላል?

በጥንቃቄ ይችላል። የኒክ ሆርንቢ ልቦለድ «ሃይ ፊደሊቲ» በ1995 ሲታተም መቼቱ ለንደን ነበር፤ እስጢፈን ፍሪርስ ያዘጋጀው የ2000ው ፊልም ወደ ቺካጎ፣ የ2020ው ተከታታይ ድራማ ደግሞ ወደ ብሩክሊን ወስዶታል፤ በድራማው ባለታሪኳ ሴት ሆናለች። ለፊልሙ ቺካጎ የተመረጠው ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች መካከል ተዋናዩን ጆን ኩሳክንና ጓደኞቹን ጨምሮ ከተማውን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁ ስለነበሩ ነው። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ ታሪኩ የተዛወረው ከተማ ወደሌለው ባዶ ቦታ ሳይሆን የራሱ ክበቦች፣ የራሱ ሱቆችና የራሱ ክርክሮች ወዳሉት ሌላ መንደር ነው። የትም ሊሆን የሚችል መቼት የያዘ ፊልም ግን የየትም አይሆንም።

ትንሽ በጀት ያለው ቡድን ሊሠራው ይችላል?

ለትንሽ በጀት ከሚመቹት የፊልም ዓይነቶች አንዱ ነው። «ዋንስ» የተቀረጸው በ17 ቀን ውስጥ ነው። ቡድኑ በተፈጥሮ ብርሃንና በወዳጆች ቤት ተጠቅሟል፤ የጎዳና ትዕይንቶቹ ከርቀት በረጅም ሌንስ ስለተቀረጹ ብዙ መንገደኞች ፊልም እየተሠራ መሆኑን አላወቁም። ርቀቱ ተዋናይ ላልሆኑት ሁለት ሙዚቀኞችም ጠቅሟቸዋል፣ ካሜራውን ረስተው እንዲነጋገሩ አድርጓቸዋል። የፊልሙ ዋና ዘፈን በ2008 የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ የምርጥ ኦሪጅናል ዘፈን ሽልማት አግኝቷል። ገንዘብ የሚቆጠብበት ቦታ ቢኖርም ድምፅ ላይ ግን መቆጠብ አይገባም፤ ደብዛዛ ምስል ይታለፋል፣ የተበላሸ የዘፈን ቅጂ ግን የፍቅሩን ትዕይንት ይገድለዋል።

በሴት ገጸ ባሕርያት ላይ የሚነሳው ወቀሳ ትክክል ነው?

በብዙው ትክክል ነው። ናታን ራቢን የተባለ ሃያሲ በ2007 ስለ ሌላ የክሮው ፊልም ሲጽፍ፣ ተክዞ የተቀመጠ ወንድን ለማነቃቃት ብቻ የምትመጣ፣ ፍልቅልቅና ለየት ያለች፣ የራሷ ጉዞ ግን የሌላት ወጣት ሴት በፊልሞች ውስጥ መደጋገሟን አንስቶ «ማኒክ ፒክሲ ድሪም ገርል» የሚል ስም አወጣላት። ስሙ ከቁጥጥር ውጭ ተሰራጭቶ ማንኛዋንም ተጫዋች ሴት ለመተቸት በመዋሉ በ2014 ራሱ ይቅርታ ጠይቆበታል፤ የተመለከተው ድካም ግን እውነት ነው። የሙዚቃ ታሪኮች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡት ወንዱ ዘፈን ጸሐፊ፣ ሴቲቱ ደግሞ የተጻፈላት የምትሆንበት ልማድ ስላለ ነው። መፍትሔው የጥንካሬ ንግግር በአፏ ማስገባት አይደለም። ለእርሷም የምትሠራው ሥራ፣ የምታጣው ነገርና ስለ ዘፈኑ የራሷ ፍርድ ይኑራት፤ ከተቻለም ዘፈኑን እርሷ ትጻፈው። በ«ዋንስ» ሱቁ ውስጥ ፒያኖ የምትጫወተው ወጣት የምትታመነው ያለ እርሷ ዘፈኑ ግማሽ ስለሆነ ነው።

መጨረሻው የግድ አንድ ላይ መሆን አለበት?

አንባቢዎች ከሚያነሷቸው ሁሉ በጣም የሚያከራክረው ይህ ነው። ኮሜዲ በልማድ በመገናኘት ይጨርሳል፣ ተመልካቹም ያንን የመጠበቅ መብት አለው። የሙዚቃ መንደር ታሪክ ግን ሌላ መዝጊያም አለው፤ ሁለቱ ይለያዩና አብረው የሠሩት ሥራ ይቀራል። የ«ዋንስ» ሁለት ሰዎች ዘፈኖቻቸውን በጋራ ከቀረጹ በኋላ እርሱ ወደ ለንደን ይሄዳል፣ ከመሄዱ በፊት ግን ፒያኖ ገዝቶ ይልክላታል። ይህ መጨረሻ የሚያሳዝን ሆኖ ሳለ የማያጎድለው ስጦታው ከታሪኩ ውስጥ ስለወጣ ነው፤ ፒያኖ እንደሌላት ከመጀመሪያው እናውቃለን። የሚያናድደው ሌላ ዓይነት መለያየት ነው፦ ፊልሙ ጥልቅ ለመምሰል ሲል ብቻ፣ ምክንያት ሳይሰጥ የሚለያያቸው።

ሙዚቃው ፋሽኑ ሲያልፍ ፊልሙም አብሮ አያልፍም?

ፋሽኑን አሳድዶ የተሠራው ያልፋል። «ሲንግልስ» የተቀረጸው በ1991 መጀመሪያ ወራት፣ የሲያትል ባንዶች በመላው ዓለም ከመታወቃቸው በፊት ነበር፤ ፊልሙ በመስከረም 1992 ሲወጣ ግን ከተማው የዓለም መነጋገሪያ ሆኗል፣ የማጀቢያ አልበሙም ከፊልሙ ወራት ቀድሞ ገበያ ላይ ነበር። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት ሙዚቀኞች ገና ጎረቤት ይመስላሉ፤ ዛሬም ሲታይ ሕይወት ያለው ለዚህ ነው። ማንም ሳያያቸው በፊት የተቀረጹ ሰዎች ለካሜራ ሲሉ የሚያደርጉት ነገር የለም።

ከየትኛው ልጀምር?

መሳቅ የሚፈልግ በ«ሲንግ ስትሪት» ይጀምር፤ ባንድ ያለው ወይም ሊመሠርት የሚያስብ ሰው «ዛት ቲንግ ዩ ዱ!»ን ያስቀድም። ለመጻፍ የሚያስብ ደግሞ «ዋንስ»ን ሁለት ጊዜ ይመልከት፤ በሁለተኛው ጊዜ ዘፈኖቹ ከመጀመራቸው በፊትና ካለቁ በኋላ ባሉት አፍታዎች ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ብቻ ይከታተል። «ሲንግልስ» ከእነዚህ በኋላ ቢታይ ይሻላል፤ የአራት ሰዎች ታሪክ ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚገባ ነው።